በጅማ ገበያ ሰው በምን ቋንቋ እንደሚገበያይ እንዴት ይቆጠራል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣብኛል። «ጅማ ገበያ ላይ የቋንቋ አጠቃቀምን ላጠና ነው፤ እስቲ መጠይቁን እይልኝ።» መጠይቁን ስከፍተው ሁሌም ያው ነው። «ገበያ ሲሄዱ በየትኛው ቋንቋ ይጠቀማሉ? ሀ. አፋን ኦሮሞ፣ ለ. አማርኛ፣ ሐ. ሁለቱንም፣ መ. ሌላ።» አብዛኛው መላሽ «ሐ»ን ያከብባል። ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚጽፈው ያጣል።

ስለዚህ መልሱን አንዴ በደንብ ልጻፈው። አትጠይቁ፤ ቁጠሩ። ሰው ስለ ቋንቋው ሲጠየቅ ያደርገዋል ብሎ የሚያስበውን ይናገራል። አንዳንዴም ጠያቂው መስማት የሚፈልገውን ይገምታል። ወረቀቱ በአማርኛ ከተጻፈ መልሱ ወደ አማርኛ ሊያጋድል ይችላል፤ በአፋን ኦሮሞ ከተጻፈም ወደዚያ። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ግን ገዢ ፊቷ ሲቆም ሐሳቧ ቲማቲሙ ላይ ነው። ቋንቋው በራሱ ይወጣል።

ከታች ያለው አሠራር ለሁለት ሰው የተዘጋጀ ነው። ብቻውን የሚሠራም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ደረጃ 5 ላይ ግን ይቸገራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የሚገባ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። ትልቅ አጀንዳ አትያዙ፤ ከሩቅ ይታያል።
- ሁለት እርሳስ። ጅማ ዝናብ አይጠፋትም፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አልጽፍም ይላል።
- ደብተሩ የሚገባበት ፌስታል።
- ሰዓት።
- ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ።
- አፋን ኦሮሞም አማርኛም አጥርቶ የሚሰማ ሰው። እናንተ ከሁለቱ አንዱ ላይ ደካማ ከሆናችሁ ይህ ሰው የግድ ነው። የምትሰሙት ፈጣን የገበያ ንግግር እንጂ የክፍል ውስጥ ንግግር አይደለም።
- ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር፣ ካልሆነም ካልኩሌተር።

ድምፅ መቅጃ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«በጅማ የቋንቋ አጠቃቀም» ጥያቄ አይደለም፤ ርዕስ ነው። ጆሽዋ ፊሽማን የተባለው ምሁር በ1965 እ.ኤ.አ. የሰጠው አጠያየቅ እስካሁን ይሠራል፦ ማን፣ ለማን፣ በምን ቋንቋ፣ መቼ ይናገራል? ቋንቋው የምትቆጥሩት ነው፤ ከቀረው አንዱን ብቻ ልቀቁና ሌላውን አስሩ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን። ለምሳሌ ዕቃውን (አትክልት) እና ቀኑን (ሐሙስ) አስሩ፤ የመሸጫውን ዓይነት ልቀቁ። ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ «ሐሙስ ዕለት አትክልት የሚገዛ ሰው ሜዳ ላይ ከሚሸጡትና ሱቅ ካላቸው ጋር የሚገበያይበት ቋንቋ ይለያያል?»

ለምን? ዕቃውም ቀኑም ቦታውም አብረው ከተለወጡ ልዩነት ብታገኙ እንኳ ከየት እንደመጣ አታውቁም።

ደረጃ 2፦ ቦታና ሰዓት ምረጡ

ሐሙስ የጅማ ዋናው የገበያ ቀን ነው። ከዙሪያው ገጠር ቡና፣ ማር፣ ቅመም ይዞ የሚገባው ሰው ይበዛል። በሌላው ቀን ገዢውም ሻጩም በአብዛኛው የከተማ ሰው ነው። ስለዚህ ሐሙስን ከማክሰኞ ጋር ቀላቅላችሁ በአንድ ሠንጠረዥ አታስገቡ። ወይ አንዱን ብቻ ያዙ፣ ወይ ለየብቻ ቁጠሩ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አንድ ምድብ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሌላ። ጠዋት ጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ሊበዛ ይችላል፤ ከሰዓት የቤት አስቤዛ።

አንድ ማሳሰቢያ። የትኛው ሰፈር «የማን» እንደሆነ ሰው የሚነግራችሁን ይዛችሁ አትውጡ። ጅማ ውስጥ ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ ሌላ የምኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ፣ ጉራግኛና ስልጥኛ የሚናገር ነጋዴ አለ። የማን ሰፈር ምን እንደሚናገር አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ቆጠራው ለምን ያስፈልጋል?

ደረጃ 3፦ የመቁጠሪያ ቅጹን አዘጋጁ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ከተበላሸ በኋላ የሚጠግነው ነገር የለም።

የምትቆጥሩት አንድ ግብይት ነው። ገዢው ከቆመበት እስከሚሄድበት ድረስ። ባይገዛም ይቆጠራል፤ ዋጋ ጠይቆ የሄደም ተናግሯል። ግብይቱን ግን እንደ አንድ ወጥ ነገር አትጻፉት። በአምስት ክፈሉት፦ ሰላምታ፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ክርክር፣ የገንዘብ ቆጠራ፣ መለያያ።

ለምን ትከፍሉታላችሁ? ምክንያቱም አንድ ግብይት በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላ ሊያልቅ ይችላል። ሰው ሰላምታውን ለአክብሮት በሌላው ሰው ቋንቋ ይልና ክርክሩ ሲሞቅ ወደሚቀናው ይመለሳል። ገንዘብ ሲቆጥር ደግሞ ብዙ ሰው መጀመሪያ መቁጠር በተማረበት ቋንቋ ነው የሚቆጥረው፤ ከንፈሩን ብታዩ ይታወቃል። ሁሉንም «ሁለቱንም ተጠቅሟል» ብላችሁ ከጻፋችሁ መጠይቁ ላይ ካለው «ሐ» በምንም አልተሻላችሁም።

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ፊደል ጻፉ፦

- ኦ = አፋን ኦሮሞ
- አ = አማርኛ
- ሌ = ሌላ ቋንቋ (ካወቃችሁት ስሙን ጎኑ ላይ)
- ል = ልውጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተቀላቀለ
- ሰ = «አሰላሙ አለይኩም» እና መልሱ
- ዝ = ዝም፣ በጣት ወይም በጭንቅላት ብቻ
- ? = አልተሰማም

«ሰ» ለብቻው የቆመው በምክንያት ነው። ጅማ ውስጥ ይህ ሰላምታ በየትኛውም ቋንቋ የሚቀጥል ንግግር መክፈቻ ሊሆን ይችላል። አረብኛ ብላችሁ ብትቆጥሩት ሠንጠረዣችሁ ላይ የሌለ አረብኛ ተናጋሪ ይበቅላል። አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ላይ ብትደምሩትም ግምት ነው።

«?»ን አትፍሩት። ያልሰማችሁትን በግምት ከመሙላት «?» ይሻላል። ግን ከአምስት አንዱ «?» ከሆነባችሁ የቆማችሁበት ቦታ ሩቅ ነው፤ ተጠጉ።

ከዚህ በተጨማሪ አራት ዓምድ ጨምሩ፦ ማን ጀመረ (ገዢ ወይስ ሻጭ)፣ ማን ቀድሞ ቋንቋ ቀየረ፣ ዕድሜ በግምት (ወጣት፣ ጎልማሳ፣ አዛውንት)፣ ጾታ። «ማን ጀመረ» የሚለውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። እሱ ከሌለ ሻጩ በራሱ ቋንቋ ተናገረ ወይስ የገዢውን ተከተለ የሚለውን መለየት አይቻልም። ነጋዴ ደንበኛውን ይከተላል የሚለው ደግሞ ከምትፈትኗቸው ነገሮች ዋናው ነው።

ብሔር የሚል ዓምድ አታስገቡ። በመልክ፣ በሻሽ አስተሳሰር፣ በስም ገምታችሁ የምትሞሉት ዓምድ መረጃ አይደለም። ቋንቋና ብሔር አንድ አይደሉም፤ ጅማ ላይ ደግሞ በተለይ።

ሰው ሰውን ምን ብሎ እንደሚጠራ ማወቅ የሚፈልግ አንድ ዓምድ ሊጨምር ይችላል። በአማርኛ አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ፤ በአፋን ኦሮሞ አቲ ወይስ ኢሲን፤ ወይም እማማ፣ ጋሼ፣ ኦቦ፣ አዴ። ብዙ ነገር ይናገራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጥር ሰው ግን ይተወው፤ እጁ አይደርስለትም።

ቃል ሲያሳስት

ኮድ ስትሰጡ አንድ ቃል ሰምታችሁ አትፍረዱ። ቡና በሁለቱም ቡና ነው። ኪሎ፣ ቲማቲም፣ ሞባይል የማንም አይደሉም። «እሺ» አፋን ኦሮሞ በሚናገር የከተማ ሰው አፍም ይሰማል። «ቲማቲም ኪሎ ሜቃ?» የሚለውን የሚወስነው «ሜቃ» (ስንት) ብቻ ነው።

የተቀላቀለ ሲገጥማችሁ ግሡንና ቅጥያውን እዩ። «ሁለት ኪሎ ናፍ ኬኒ» (ሁለት ኪሎ ስጠኝ) ካለ ቁጥሩ አማርኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን የያዘው ግሥ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ኦ ብላችሁ ጎኑ ላይ «ቁጥር፦ አ» ብላችሁ ጻፉ። «ሜቃ ነው?» ካለ ግን ጥያቄው የአንዱ፣ ማሰሪያው የሌላው ነው፤ ይኼ ል ነው። ይህን ሕግ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ሲደክማችሁ ሕጉ ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ ፈቃድና መግቢያ

ደብዳቤውን ይዛችሁ ገበያው ወዳለበት ቀበሌ ሂዱና አስመዝግቡ። ከዚያ የምትቆሙበት አካባቢ ላሉ ነጋዴዎች ራሳችሁን አስተዋውቁ። ይህን የሚዘል ሰው አለ። ደብተር ይዞ ሽያጭ አጠገብ የሚቆም ሰው ነጋዴ ዓይን ውስጥ ምን ይመስላል? የግብር ሰው። አንዴ «ከገቢዎች ነው» ተብሎ ከተወራ ያ ረድፍ በሙሉ ዝም ይላል፤ ቀኑ ተቃጠለ ማለት ነው።

የምትሉት አጭር ይሁን፦ «ተማሪ ነኝ። ሰው በምን ቋንቋ እንደሚገበያይ ነው የምቆጥረው። ስም አልጽፍም፣ ዋጋም አልጽፍም። ካልፈለጉ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።» በሁለቱም ቋንቋ ተዘጋጁበት። ደብተሩን ከፍታችሁ አሳዩ፤ ፊደል ብቻ ሲያዩ ይስቃሉ፣ ይተዋችኋልም። አዛውንት ከሆኑ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰላምታ።

*ማስጠንቀቂያ።* በስልክ በድብቅ ድምፅ አትቅዱ፣ ፎቶም አታንሱ። ፈቃድ ያልሰጠን ሰው ድምፅ መቅዳት ጥፋት ነው። ጉዳቱም እናንተ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ በሩ ይዘጋበታል። ቋንቋ ስሱ ጉዳይ መሆኑንም አትርሱ። ስለ ፖለቲካ ጥያቄ ከተነሳ አትግቡበት። አካባቢው ውጥረት ያለበት ቀን ከሆነ ቤት ዋሉ።

«ካወቁማ ንግግራቸውን ይለውጣሉ» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እውነት ነው። የቋንቋ ምሁሩ ዊልያም ላቦቭ «የተመልካቹ ተቃርኖ» ያለው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሳይታይ እንዴት እንደሚናገር ማወቅ እንፈልጋለን፣ የምናውቀው ግን በማየት ነው። መፍትሔው መደበቅ አይደለም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ። ነጋዴ ሥራ ሲበዛበት ይረሳችኋል። ገዢው ደግሞ ከመጀመሪያውም ልብ አይላችሁም።

ደረጃ 5፦ ሙከራ ቆጠራ

ሁለታችሁም አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ሳትነጋገሩ፣ አንድ ዓይነት 20 ግብይት ቁጠሩ። ከዚያ ደብተሮቹን አስተያዩ። 16ቱ ላይ ከተስማማችሁ 80 በመቶ ነው፤ ወደ ሥራ መግባት ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ጥፋቱ የጆሮ ሳይሆን የሕጉ ሊሆን ይችላል። የተለያያችሁባቸውን አንድ በአንድ አንሱና ሕጉን አጥሩ፤ ሌላ 20 ቁጠሩ።

ለምን? አንባቢያችሁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሌላ ሰው ቢቆጥረው ይህንኑ ያገኛል?» ብሎ ነው። በዚህ ደረጃ ያለፈ ሰው መልስ አለው። የሙከራው ቁጥር ከዋናው ጋር አይደመርም።

ደረጃ 6፦ ቆጠራው

1. ከሻጩ ጎን ቁሙ፤ ፊት ለፊት አትቁሙ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ገዢ ይመስላል።
2. እያንዳንዱን ሦስተኛ ገዢ ቁጠሩ። ለምን ሁሉንም አይሆንም? ጆሮ የሚስበው ጮክ ብሎ የሚከራከረውንና ቋንቋ የሚቀላቅለውን ነው። ዝም ብሎ ገዝቶ የሚሄደው ይዘለላል። መቁጠሪያ ሕግ ከሌላችሁ ሠንጠረዣችሁ በጯኺዎች ይሞላል።
3. ከአንድ ሻጭ አንድ ግብይት ብቻ ውሰዱና ወደ ሌላ ሻጭ እለፉ። አንዲት ሴት ፊት ቆማችሁ 30 ብትቆጥሩ ያጠናችሁት ገበያውን ሳይሆን እሷን ነው። ይህ ከቆጠራ ስህተቶች ሁሉ የበዛው ነው፤ ደረጃ 8 ላይ ያለውን ስሌትም ዋጋ ያሳጣዋል።
4. ፊደሉን ወዲያው ጻፉ። «በኋላ እሞላዋለሁ» አይሠራም።
5. በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ዕረፍት። የደከመ ጆሮ የለመደውን ቋንቋ ነው የሚሰማው።
6. ወደ ቤት ሳትገቡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ መኖሩን፣ በዓል ከነበረም በዓሉን ገጹ ላይ አስፍሩ።

ለእያንዳንዱ የመሸጫ ዓይነት 60 ግብይት ለመመረቂያ ጽሑፍ በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ እናንተው ገዢ ስትሆኑ (ግዴታ አይደለም)

ላቦቭ በ1962 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት መደብሮች ገብቶ መልሱ «አራተኛ ፎቅ» የሚሆን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ሻጮቹ ሲመልሱ አንዲት ድምፅ መኖር አለመኖሯን ያዳምጣል። ከዚያ እንዳልሰማ ሆኖ ያስደግማቸዋል። 264 ሰው እንዲህ አዳምጧል። ውድ መደብር ውስጥ የሚሠሩትና ርካሽ መደብር ውስጥ የሚሠሩት ተለያይተው ተገኙ።

ዘዴው ወደ ጅማ ሲመጣ አንድ እክል አለው። እሱ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ያለን ድምፅ ነበር የሚያዳምጠው፤ እናንተ ግን ቋንቋውን ነው፣ የከፈታችሁበት ቋንቋ ደግሞ መልሱን ይስበዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ዕጣ አውጡ፤ ግማሹን ሻጭ በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ ክፈቱ። የሚጠይቀው አንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት አለባበስ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይሁን። መዝገቡ ላይ የምትጽፉት ሻጩ ተከተለ ወይስ በራሱ ቋንቋ መለሰ የሚለውን ነው።

የጠየቃችሁትንም ግዙ። ሩብ ኪሎም ቢሆን። ሰው ዕንጀራውን ከሚያገኝበት ሰዓት እየወሰዳችሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ማስላት

በየመስመሩ መቶኛ አውጡ። ለማሳያ የፈጠርኩትን ቁጥር ተመልከቱ፤ የጅማ ውጤት አይደለም። ክርክሩን ብቻ እንውሰድ፣ ኦ እና አ ብቻ፦

- ሜዳ፦ ኦ 45፣ አ 15፣ ድምር 60። የኦ ድርሻ 75 በመቶ።
- ሱቅ፦ ኦ 27፣ አ 33፣ ድምር 60። የኦ ድርሻ 45 በመቶ።

ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በካይ ስኩዌር ፈትኑት፤ ይህ የተገኘው ቁጥር ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ የስታቲስቲክስ ፈተና ነው። በጠቅላላው ኦ 72፣ አ 48 ነው። ልዩነት ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ቦታ ላይ 36 ኦ እና 24 አ እንጠብቅ ነበር። እያንዳንዱ የተገኘ ቁጥር ከተጠበቀው በ9 ይርቃል፤ የ9 ካሬ 81 ነው። 81ን ለ36 ሁለት ጊዜ፣ ለ24 ሁለት ጊዜ አካፍላችሁ ደምሩ፦ 2.25 + 2.25 + 3.375 + 3.375 = 11.25። ለእንዲህ ያለ ሁለት በሁለት ሠንጠረዥ መለያው 3.84 ነው። 11.25 ከዚያ ይበልጣል፤ ልዩነቱን አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

ሁለት ጥንቃቄ። ከሚጠበቁት ቁጥሮች አንዱ ከ5 ካነሰ ይህን ፈተና አትጠቀሙ። ል፣ ሰ፣ ዝ እና ?ን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጣሉ፤ ከስሌቱ ብታስወጧቸውም ስንት እንደነበሩ ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉ።

ደረጃ 9፦ አሁን ጠይቁ

ቃለ መጠይቅ የሚመጣው ከቆጠራ በኋላ ነው፤ ምን እንደምትጠይቁ የምታውቁት ያኔ ነውና። ጥያቄው ስለ አንድ እውነተኛ ጊዜ ይሁን። «በየትኛው ቋንቋ ይጠቀማሉ?» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ደንበኛ በምን አናገረዎት? እርስዎስ በምን መለሱ?» ቀጥሎም «ገዢ ሲመጣ በምን እንደሚያናግሩት እንዴት ያውቃሉ?» በሉና ዝም በሉ። ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣል ብላችሁ አትስጉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቃለ መጠይቁን ሻጩ በመረጠው ቋንቋ አድርጉ፤ የመረጠውንም መዝግቡ።

ያገኛችሁት ከቆጠራው ጋር ከተጋጨ አንዱን አትደብቁ። «ሁሌ በደንበኛው ቋንቋ ነው የምናገረው» ያለች ሻጭ ቆጠራው ላይ እንዳለችው ስትናገር ካልተገኘች፣ ምዕራፍ አራታችሁ (የውጤቱ ምዕራፍ) እዚያ ላይ ነው ያለው።

ስትጽፉ የሚታዩ ስህተቶች

«የጅማ ሕዝብ» ብላችሁ አትጀምሩ። ያያችሁት በአንድ ገበያ፣ በተወሰኑ ሐሙሶች፣ አትክልት የገዛ ሰው ነው። በአፋን ኦሮሞ የተገበያየን ሁሉ «ኦሮሞ»፣ በአማርኛ የተገበያየን ሁሉ «አማራ» አትበሉ፤ ቋንቋውን ሰማችሁ እንጂ ብሔሩን አልጠየቃችሁም። ቋንቋ መቀየርን ደግሞ «ችሎታ ማነስ» ብሎ የሚተረጉም አለ። ሁለቱንም አጥርቶ የሚችል ሰው ነው አንዳንዴ እጅግ የሚቀላቅለው።

ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ሥር ቀን፣ ሰዓት፣ የመሸጫ ዓይነት፣ የዕቃ ዓይነት፣ የግብይት ብዛት፣ የሁለቱ ቆጣሪዎች ስምምነት በመቶኛ ይስፈር። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስታችሁ ለአማካሪያችሁ አብራችሁ ስጡ፤ ኮዱ ላይ ጥያቄ ሲነሳ የሚታየው እሱ ነው።